ለደፋር ልጅ የሚስማማው ፈረስ
(በትምህርት ቤታችን የበዓል ቀን የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ልናገር የተነሣሁት፥ ግልቢያ ለለመደና ለማይፈራ ልጅ ምን ዓይነት ፈረስ ሊገዛለት ይገባል በሚለው ጉዳይ ላይ ነው። ነገሩ ትንሽ መስሎ ቢታይም የልጁ ደኅንነትና የአባቱ ገንዘብ ያለው በዚሁ ላይ ነው።

በአገራችን ፈረስ ከክብር ጋራ የተያያዘ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፥ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፥ ራስ አሉላ አባ ነጋ የተባሉት በፈረሳቸው ስም ነው። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበርም በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን ሲያከብር ያየ ወጣት እንደ እሳት የሚንቀለቀል ፈረስ ቢመኝ አይፈረድበትም። ድፍረትና ችሎታ ግን አንድ አይደሉም።

እጁ ገና ያልለዘበ ልጅ ቍጡ ፈረስ ቢሰጠው ልጓሙን ደጋግሞ ይጐትታል፤ አብዝቶ የተጐተተ አፍ ይደነዝዛል፤ አፉ የደነዘዘ ፈረስም ጋላቢውን አይሰማም። በሌላ በኩል «ልጄ እንዳይወድቅብኝ» ብሎ በጅራፍ ካልሆነ የማይራመደውን ሽማግሌ ፈረስ መግዛትም አይበጅም። ደፋሩ ልጅ ይሰለቸውና በስውር የጎረቤቱን ኀይለኛ ፈረስ ሊጋልብ ይሄዳል። እንግዲህ የሚፈለገው ለመሄድ የሚፈቅድ፥ ለመቆምም የሚታዘዝ ፈረስ ነው።

ይህንም ለመለየት አስቀድሞ ጥርሱን ማየት ነው። የፈረስ የፊት ጥርሶች መለወጥ የሚጀምሩት በ2 ዓመት ተኩል ገደማ፥ የሚጨርሱትም ወደ 5 ዓመት ሲጠጋ ነው። አፉን ያልሞላ ፈረስ ራሱ ገና ተማሪ ነው፤ ሁለት ተማሪዎች ያለ አስተማሪ ሲቀሩ ምን እንደሚሆን መምህሮቻችን ያውቁታል!

ሁለተኛ፥ ክብደቱን ማመዛዘን ነው። ልጁ ከነኮርቻው ከፈረሱ ክብደት ከ5 አንዱን እጅ ባያልፍ መልካም ነው፤ 250 ኪሎ ለሚመዝን ፈረስ 50 ኪሎ ማለት ነው።

ሦስተኛ፥ ጀርባው ቁስል እንደሌለው፥ በደረቅ መሬት ሲሄድም እንደማያነክስ መመልከት ነው። ሻጩ በገበያ ሲያስጋልበው አይታችሁ አትደነቁ። ኮርቻ ሲጫንበት ጸጥ ይላልን? ከሌሎች ፈረሶች ተለይቶ ብቻውን ይሄዳልን? ከግልቢያ ወደ ሶምሶማ፥ ከሶምሶማም ወደ እርምጃ በለዘበ እጅ ይመለሳልን? ብላችሁ መርምሩ።

ወላጆች ሆይ፥ ፈረስ ለመግዛት ስትወጡ ልጁን ይዛችሁ ውጡ፤ በእናንተ ፊት ራሱ ይሞክረው። የመጨረሻውን ፍርድ ግን ፈረስ ለሚያውቅ ሰው ተዉለት። ጓደኞቼም፥ ያ ሰው ረጋ ያለውን ቢመርጥላችሁ አትቈጡ። «ፈረሱም ይኸው፥ ሜዳውም ይኸው» በተባላችሁ ቀን ከሜዳው ዳር ደርሶ በእጃችሁ የሚመለስላችሁ እርሱ ነውና።