አራት ቀን በእግር ወደ ማቹ ፒቹ

እሱ፦ ፔሩ ድረስ ሄዶ፣ የኢንካዎችን ጥንታዊ ከተማ ማቹ ፒቹን በባቡርና በአውቶቡስ ማየት እየተቻለ አራት ቀን በእግር መኳተን ምን ይባላል?

እሷ፦ ተው እንጂ! የኢንካ መንገድ እኮ ራሱ ቅርስ ነው። ኢንካዎች ባነጠፉት ድንጋይ ላይ እየረገጥክ፣ ጉም የለበሰ ደን እያቋረጥክ ነው የምትደርሰው።

እሱ፦ ትንፋሽ ከተረፈሽ ነዋ! ከፍተኛው ማለፊያ ከ4,200 ሜትር በላይ ነው።

እሷ፦ ለዚህ ነው ተጓዦች አስቀድመው ኩስኮ ከተማ ሰንብተው አየሩን የሚለምዱት። ማቹ ፒቹ ራሷ ዝቅ ትላለች፤ 2,430 ሜትር ገደማ።

እሱ፦ እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው። ድንኳኑን፣ ምግቡን፣ ድስቱን ተሸክመው ቀድመው የሚደርሱት የአገሬው ሰዎች ናቸው። ፎቶው ላይ ግን የሉም።

እሷ፦ እውነትህን ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው ሕግ ነው ሸክሙን በ20 ኪሎ የገደበው። በቀን ከሚፈቀድላቸው 500 ሰዎች ከግማሽ በላዩም ተሸካሚ፣ አብሳይና መሪ ነው።

እሱ፦ ፌብሩዋሪ ላይስ?

እሷ፦ ዝግ ነው። ዝናቡ ይበረታል፤ መንገዱም የሚጠገነው ያኔ ነው።

እሱ፦ እንግዲያው ለመሄድ ያሰበ ሰው ፈቃዱን ከወራት በፊት ይያዝ። አስጎብኚውንም ይጠይቅልኝ፦ ተሸካሚዎቹ ስንት ይከፈላቸዋል?