ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው
(በአንድ የሰፈር ዕድር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የተሰበሰብነው ከፊታችን ባለው ፎቅ ጣሪያ ላይ ሊተከል የታሰበውን የሞባይል አንቴና በመቃወም ልንፈርም ነው። እኔ ደግሞ ፊዚክስ ሳስተምር ያረጀሁ ጡረተኛ ስለሆንኩ «እስቲ አንተ ተናገር» ተባልኩ። እሺ፣ ልናገር። ግን ከመፈረማችን በፊት አንድ ጥያቄ አለኝ። ለመሆኑ ጣሪያ ላይ ያለውን ስንፈራ፣ ጆሮአችን ላይ የምንለጥፈውን ቀፎ ስለምን ረሳነው?

ሞባይል ማለት ትንሽ የሬዲዮ ጣቢያ ነው። ሞገዱ እንደ ራጅ ጨረር በሰው ሴል ውስጥ ያለውን ሞለኪውል የሚሰብር ጉልበት የለውም። በማያጠራጥር ሁኔታ የታወቀው ሥራው ገላን በጥቂቱ ማሞቅ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2011 «ካንሰር ሊያመጣ ይችል ይሆናል» ከሚላቸው ተራ መደበው። ወሬኛ ይህን ይዞ «ሞባይል ካንሰር ነው» ብሎ አስወራ። በዚያው ምድብ ከሙሉ ቅጠሉ የተጨመቀ እሬት መኖሩን ግን ማን ነገረን? ድርጅቱ ራሱ ያስጠናውና በ2024 የወጣው ሰፊ ግምገማ ሞባይልን ከአንጎል ካንሰር ጋር የሚያያይዝ ነገር አላገኘም።

ታዲያ እጃችንን አጣጥፈን እንቀመጥ? የለም! በ2023 የፈረንሳይ ተቆጣጣሪዎች አይፎን 12ን መረመሩ። በእጅ ወይም በኪስ ሲያዝ የተፈቀደው በኪሎ ግራም 4 ዋት ሆኖ ሳለ 5.74 ተገኘበት። ሽያጩን አገዱ። ኩባንያው ሶፍትዌሩን አስተካከለ። ልብ በሉ፣ ያንን ትልቅ ኩባንያ ያስገደደው ወሬ ሳይሆን መለኪያ ነው።

ወደ ጉዳያችን ልመለስ። ቀፎ እንደ ሰው ነው፤ ጣቢያው ሲርቀው ይጮኻል፣ ሲቀርበው ያንሾካሹካል። ኔትወርክ ሲደክም ኃይሉን ይጨምራል። እንግዲህ አንቴናውን አባረን «ሄሎ! ሄሎ!» ስንል ብንውል፣ ጭንቅላታችን ሥር ያለውን ሞገድ አበረታን ማለት ነው።

ስለዚህ «አይተከል» ከማለት ይልቅ እንዲህ ብለን እንጻፍ፦ ከሰው በረንዳ ፊት ለፊት አይሁን፣ በገለልተኛ ባለሙያ ይለካ፣ ቁጥሩም በግልጽ ይለጠፍልን። «አያሳስባችሁም» ለሚለን ሁሉ መልሳችን «ቁጥሩን አሳየን» ይሁን። መብታችን ነው፤ ልመና አይደለም።

እቤታችን ደግሞ፣ ወሬው ከረዘመ ላውድ ላይ አድርጉት ወይም ኢርፎን ሰኩ። ኔትወርክ ሲደክም አሳጥሩ። ልጆች ቀፎውን ትራስ ሥር ከተው አይተኙ። መሪ ይዛችሁ ደግሞ ፈጽሞ አታውሩ፤ የሞባይል ገዳይነቱ ያለ ጥርጥር የታወቀው እዚያ ላይ ነው።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። እኛ እንኳ ለገዛ ጆሮአችን ባዳ አንሁን። «ይለካ» የሚለው ወረቀት ይምጣ፤ የመጀመሪያው ፈራሚ እኔ ነኝ።