ከቀለሙ በፊት ግድግዳው
በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር



እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ የተጎዳ የውስጥ ግድግዳ ልስን ከቀለም በፊት እንዴት እንደሚጠገን የሚመለከት ነው። ርእሱ ሲሰሙት ትንሽ ይመስላል። ይሁንና ደንበኛ ዘወትር የሚያየው ግንቡን ወይም መሠረቱን ሳይሆን ልስኑን ስለ ሆነ፣ ሙያችንም የሚመዘነው በዚሁ ነው።

ነገሩን ከራሴ ጥፋት ልጀምር። ከብዙ ዓመት በፊት ደሴ ውስጥ አንድ አዛውንት ለልጃቸው ሠርግ ቤታቸውን እንዳሳምርላቸው ጠየቁኝ። ወሩ ታኅሣሥ ነበር። ቤቱ የባሕር ዛፍ ቋሚና ማገር ያለው የጭቃ ቤት ሲሆን፣ ኋላ በሲሚንቶ ተለስኗል። ከወለሉ እስከ ጉልበት ድረስ ልስኑ አብጦ ነበር። እኔም ቀኑ ስለ ቀረበብኝ ያበጠውን ፋቅሁ፤ ቦታውን በጀሶ ሞላሁ፤ ስቱኮ ቀብቼ የዘይት ቀለም ደረብሁበት። በጥር ሠርጉ ሲደገስ ግድግዳው እንደ መስተዋት ያበራ ነበር። በነሐሴ ተመልሼ ባየው ግን ቀለሙ እንደ እባብ ቆዳ ተገፎ፣ ጀሶውም እንደ አይብ ላልቶ አገኘሁት። ሥራዬ «ውስጡን ለቄስ» የሚባለው ዓይነት ነበር። አዛውንቱ አልተቆጡም፤ «ልጄ፣ ግድግዳው ታሞ ነበር፤ አንተ ልብስ አለበስኸው» ብቻ አሉኝ።

እንግዲህ ስሕተቴ ሦስት ነበር። አንደኛ፣ ውሃው ከየት እንደሚመጣ አልጠየቅሁም፤ ከቤቱ ጀርባ አፈር ከወለሉ በላይ ተቆልሎ፣ አሸንዳውም ተቀዶ ነበር። ሁለተኛ፣ ጀሶ እርጥበት ሲያገኘው እንደሚላላ እያወቅሁ እርጥብ ቦታ ላይ አኖርሁት። ሦስተኛ፣ በዘይት ቀለም የግድግዳውን ትንፋሽ ዘጋሁበት፤ መውጫ ያጣው እርጥበትም ቀለሙን ገፍቶ ጣለው።

ስለዚህ ጥገና የሚጀምረው በመሮ ሳይሆን በምርመራ ነው። ግድግዳውን በጣት አንጓ ብናንኳኳ፣ የለቀቀው ልስን ባዶ ድምፅ ይሰጣል። ላስቲክ ዙሪያውን አጣብቀን አንድ ሁለት ቀን ብናቆየውና ከግድግዳው በኩል ጤዛ ቢይዝ፣ እርጥበቱ ገና ውስጥ አለ ማለት ነው። ስንጥቅም ሁሉ አንድ አይደለም። እንደ ፀጉር የቀጠነው ልስኑ ሲደርቅ የተኮማተረበት ምልክት ነው። ከመስኮት ማዕዘን ተነሥቶ አግድመት የሚወርደው ግን ብዙ ጊዜ የመሠረት ነገር ነው። ደሴ ከጦሳ ሥር ባለ ተዳፋት ላይ የተቀመጠች፣ የመሬት መንሸራተትም የሚያሠጋት ከተማ ናት። ሸክላማ አፈርም በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። ስለዚህ እንዲህ ባለው ስንጥቅ ላይ ጥቂት ጀሶ ለጥፎ ቀኑን መጻፍና ክረምትና በጋ መጠበቅ ይገባል። ጀሶው ከተሰነጠቀ ቤቱ ገና ይንቀሳቀሳል ማለት ነውና፣ ልስን አያድነውም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሁለቱን ከተሞች ባዳረሰ ጊዜ ጥይት የነካውም ግድግዳ እንዲሁ ነው፤ ቀዳዳው ትንሽ ቢመስልም በዙሪያው ያለው ልስን ከሩቅ ለቆ ሊሆን ስለሚችል፣ ሳያንኳኩ ቀዳዳውን ብቻ መድፈን አይበቃም።

ምክንያቱ ከተወገደ በኋላ የምንከተለው ደንብ አንድ ነው፤ መጠገኛው ከግድግዳው ጋር ይስማማ፣ ከእርሱም አይበርታ። የጭቃውን ግድግዳ በጭቃ እንጠግነዋለን። የበሰበሰውን ወይም ምስጥ የበላውን ቋሚ አስቀድመን እንለውጣለን፤ ከጤፍ ጭድ ጋር ተረግጦ በሚገባ የቦካውን ጭቃ በስሱ እየደራረብን፣ አንዱ ሳይደርቅ ሌላውን ሳንጨምር እንመርጋለን። በላዩ የኖራ ቅብ ቢደረግ ግድግዳው ይተነፍሳል። ሲሚንቶ ግን ጠንካራ ስለ ሆነ ለስላሳውን ጭቃ አይከተለውም፤ ሲለቅም ጭቃውን ይዞ ይወድቃል።

የብሎኬት ግድግዳ ሲሆን የላላውን እስከ ጽኑው ድረስ እንቆርጣለን፤ አቧራውን ጠርገን ውሃ እናርከፈክፋለን፤ ቀጭን የሲሚንቶ ርጭት ካደረግን በኋላ አንድ እጅ ሲሚንቶ ከአራት እጅ ንጹሕ አሸዋ ጋር አዋሕደን፣ በአንድ ጊዜ ከአንድ ሳንቲሜትር ተኩል ሳናስበልጥ እንለስናለን። ብሎኬትና የኮንክሪት ዓምድ በሚገናኙበት መስመር ሁለቱ እኩል ስለማይንቀሳቀሱ የሽቦ መረብ ማስገባት ይበጃል። ስቱኮ የመጨረሻውን ጭረት ለማለስለስ እንጂ ጉድጓድ ለመሙላት አልተፈጠረም።

ከዚህ በኋላ የሚያስፈልገው ትዕግሥት ነው፤ ትዕግሥቱም እንደ አገሩ አየር ይለያያል። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ያህል ላይ ስትሆን፣ ከሐረጎ ሽቅብ የምትገኘው ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ትገኛለች። በመካከላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም፣ ልስኑ የሚደርቅበት ጊዜ አንድ አይደለም። በኮምቦልቻ ሙቀት የሲሚንቶ ልስን ሳይጠነክር ውሃው ተንኖ ያልቃል፤ ስለዚህ አንድ ሳምንት ያህል ጠዋትና ማታ ማርጠብ ያሻል። በደሴ ግን ችግሩ ተቃራኒ ነው፤ በጉምና በዝናብ ወራት የተለሰነ ግድግዳ ቶሎ አይደርቅም። አራት ሳምንት የተለመደው ልክ ቢሆንም በክረምት ያ አይበቃም። ያልደረቀ ሲሚንቶ እርጥበቱ ብቻ ሳይሆን ኃይለኛ አልካሊውም የዘይት ቀለምን ይበላል።

ባልደረቦቼ ሆይ! ቤት የሚቀባው አብዛኛውን ጊዜ ለፋሲካ፣ ለዒድ ወይም ለሠርግ ነው፤ ባለቤቱም መቸኮሉ አይፈረድበትም። እኛ ግን የማይደርስ ሥራ ሲሆን «ዘንድሮ ይህን ወገን ሳንቀባ እንተወው፤ መጀመሪያ ጀርባውን አፈር እናንሣ» ብለን ደፍረን መናገር አለብን። በዚያን ዓመት እንዲህ ብዬ ቢሆን ኖሮ ሠርጉ ባልተቀባ ግድግዳ ይደገስ ነበር፤ ሙሽራዋም በዚያ ምክንያት አትቀርም ነበር። ከሥራችን የሚማሩትን ወጣቶችም ከቡሩሽ አያያዝ በፊት ማንኳኳትን እናስተምራቸው።