የጋሪባልዲ ዝና እንዴት ዓለምን አዳረሰ?

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1864 በሚያዝያ ወር ለአገሩ አንድነት የተዋጋው ጣሊያናዊ የጦር መሪ ጁዜፔ ጋሪባልዲ ለንደን ሲገባ፣ ሊያየው የወጣው ሕዝብ ሰረገላውን ለሰዓታት መንገድ ላይ አቆየው።

ዝናው ከጦር ሜዳ ብቻ አልመጣም። በ1840ዎቹ ኡራጓይ ውስጥ ሲዋጋ፣ ለንደን በስደት የነበረው ጣሊያናዊ አብዮተኛ ጁዜፔ ማዚኒ ገድሉን በጽሑፍ ያሰራጭለት ነበር። በ1860 ሺህ ያህል በጎ ፈቃደኞች ይዞ ሲሲሊ ሲዘምት ደግሞ ቴሌግራፍና ባለሥዕል ጋዜጦች ወሬውን በየአገሩ አዳረሱት። በዚያው ዓመት ፈረንሳዊው ደራሲ አሌክሳንደር ዱማ ግለ ታሪኩን አሳተመለት።

ነጋዴውም አልተኛም። ቀይ ሸሚዙ የሴቶች ፋሽን ሆነ፤ የሸክላ ምስሉ ተቸበቸበ፤ በእንግሊዝ በስሙ ብስኩት ተጋገረ። ዝናው ከጣሊያን አንድነት ቀደመ፤ ሮም የተጠቃለለችው ገና በ1870 ነው።