ስለ ቤተ ክርስቲያን ክዳንና ስለ ከዳኙ
(በደብራችን የኢዮቤልዩ በዓል ላይ የተነገረ ቃል)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



በዚህ በዓል ስለ ደብራችን ታሪክና በእርስዋ ስላገለገሉ አባቶች ብዙ መልካም ነገር ተነግሯል፤ ገናም ይነገራል። እኔ የታዘዝሁት ግን ስለ ጣራው እንድናገር ነው። ይህ ነገር ለበዓል አይመጥንም የሚል ሰው ቢኖር፥ በቅኔ ማኅሌቱ በሰሜን በኩል ያለውን ግድግዳ ቀና ብሎ ይመልከት። በቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል ላይ ከፈረሱ ጆሮ ጀምሮ እስከ ኮርቻው የወረደው ቢጫ መስመር ሠዓሊው የጨመረው አይደለም፤ ባለፈው ክረምት የወረደ ውሃ ነው። ሥዕሉ በሸማ ላይ ተሥሎ በግድግዳው ላይ የተለጠፈ ስለ ሆነ፥ ሸማው ከግድግዳው የተላቀቀ ቀን የሚመልሰው የለም። ከዚያው ግድግዳ በስተ ኋላ ደግሞ የብራና መጻሕፍታችን የተቀመጡበት ሣጥን አለ።

ቅኔ የተማረ ሰው አንዱን ቃል ሁለት ጊዜ ሳይሰማ አያልፈውም። የሚለምነውን ለማኝ እንደምንል፥ ቤት የሚከድነውንም «ከዳኝ» እንለዋለን። ጽሕፈቱን ሳንለውጥ ፊደሉን አጥብቀን ብናነበው ግን «ከዳኝ» ማለት አምኜው ሳለሁ ካደኝ ማለት ይሆናል። ሰሙ ባለ ሙያው ነው፤ ወርቁ መከዳት ነው። ሰበካችን የመጀመሪያውን ከዳኝ ሲፈልግ ሁለተኛው እንዳይገጥመው ምን ማድረግ ይገባል? አስቀድሞስ ጣራው በእውነት ጊዜው ደርሷልን? በእነዚህ በሁለቱ ላይ ጥቂት እናገራለሁ።

አባቶቻችን ቤተ ክርስቲያንን የሚከድኑት በሣር ነበር። የሰንበሌጥ ክዳን ቤቱን በበጋ ያበርደዋል፤ ዝናሙንም በዝምታ ይቀበለዋል፤ ወንጌል ሲነበብ በረዶ ቢወርድ እንኳ የካህኑ ድምፅ አይጠፋም። (በቆርቆሮ ሥር የክረምት ቅዳሴ እንዴት እንደሚሰማ ለእናንተ መንገር አያሻኝም።) ነገር ግን ሣር በየጊዜው መታደስን ይሻል፥ እሳትንም ይፈራል፤ የጨፋም ረግረግ ወደ እርሻ እየተለወጠ በሄደ መጠን ለክዳን የሚሆን ሣር እንደ ቀድሞው በቅርብ አይገኝም።

ቆርቆሮ ባሕር ተሻግሮ የመጣ ነው። ብረትን እንደ ሞገድ አድርጎ ለክዳን የማዋልን ብልሃት ያስመዘገበው ሄንሪ ሮቢንሰን ፓልመር የሚባል እንግሊዛዊ መሐንዲስ ነው፤ ይኸውም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1829 ዓ.ም. ነበር። ብረቱን በቀለጠ ዚንክ እየነከሩ ከዝገት መጠበቅን ደግሞ ፈረንሳዊው ስታኒስላስ ሶሬል በ1837 ዓ.ም. አስመዘገበ። ወደ እኛ አገር እንዲህ ያለውን ዕቃ ማምጣት የቀለለው የምድር ባቡር ከጂቡቲ ተነሥቶ በእኛ አቆጣጠር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ ወዲህ ነው።

እዚህ ላይ ዚንኩን ልብ እንድትሉ እለምናለሁ። ዚንክ ለብረቱ ቤዛ ነው። ውሃና አየር በመጡ ጊዜ ብረቱ ከመበላቱ በፊት እርሱ ይበላል። ስለዚህ ያረጀ ቆርቆሮ ሁለት ቀለም ያሳያል። ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ሲወጣበት ዚንኩ እየተበላ ነው፤ ቀይ ዝገት በታየ ጊዜ ግን ዚንኩ አልቆ ብረቱ ራሱ መበላት ጀምሯል። ቀዩ በምስማሩ ዙሪያና በተቆረጠው ጠርዝ ብቻ የሆነ እንደ ሆነ፥ ምስማሩን በመለወጥና ጠርዙን ቀለም በመቀባት ጥቂት ዓመታትን ማትረፍ ይቻላል። በቆርቆሮው መካከልና በውስጥ ገጹ ጭምር ከተዘረጋ ግን መለጠፍ ከንቱ ነው፤ ልጥፉን ለማሰር የሚመታው ምስማር ሌላ ቀዳዳ ይከፍታልና።

በከሚሴና በአካባቢዋ ቆላ ደግሞ ሌላ ጠላት አለ፤ እርሱም ፀሐይ ነው። ብረት ሲሞቅ ይረዝማል፥ ሲቀዘቅዝ ያጥራል። 3 ሜትር ርዝመት ያለው ቆርቆሮ የሌሊቱና የቀትሩ ሙቀት በ40 ዲግሪ ቢለያይ አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል ያህል ይለጠጣል። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን በየቀኑ ሲመላለስ ለዓመታት ከኖረ ምስማሩን ይነቅላል፥ ቀዳዳውንም ያሰፋል። ከቦርከና ሸለቆ የሚነሣው ነፋስ የላላውን አግኝቶ ሲያንኳኳው በሌሊት የምትሰሙት ድምፅ ይህ ነው።

ክብ ቤተ ክርስቲያን ሲሆን ጭንቁ ይበዛል። ሣር ለክብ ቤት የተመቸ ነው፤ ቆርቆሮ ግን አራት ማዕዘን ሆኖ የተሠራ ስለ ሆነ፥ ወደ ጉልላቱ እየጠበበ እንዲወጣ እያንዳንዱ በመቀስ ይቆረጣል። በተቆረጠበት ጠርዝ ብረቱ ዕራቁቱን ነው፤ ዝገትም በዚያ ይጀምራል። በእንጦጦ ማርያምና በእንጦጦ ራጉኤል እንደሚታየው ስምንት ማዕዘን የሆነ ቤት ለቆርቆሮ የሚስማማው ስለዚህ ነው፤ እያንዳንዱ ገጽ ዝርግ ሆኖ የሚቆረጠው በማዕዘኑ ብቻ ነውና፥ ማዕዘኑንም በላዩ ሌላ ክዳን ይሸፍነዋል። የእኛ ክብ ስለ ሆነ የሚመረመረው ከጉልላቱ ሥር ነው። የጉልላቱ መስቀል በቆመበት በዚያ የቆርቆሮዎቹ ጫፍ ሁሉ ይገናኛል፤ በክፍክፉ በኩል ደኅና የሚመስል ጣራ በጉልላቱ ሥር የበሰበሰ ሆኖ ይገኛል።

ይህም ሁሉ ሆኖ ቆርቆሮው የነገሩ ግማሽ ነው፤ እኔስ ከግማሽም ያነሰ ነው እላለሁ። የሚበልጠው እንጨቱ ነው። ወራጁና ማገሩ ጽድ ከሆነ ምስጥ አይደፍረውም፤ በየጊዜው በባሕር ዛፍ የተተካው ግን በቆላ ምድር ለምስጥ ቀለብ ነው። መፈተኛውም ቀላል ነው። ወስፌ ይዞ ወጥቶ እንጨቱን መውጋት ነው፤ ወስፌው አልገባም ካለ መልካም፥ እንደ ዳቦ ከገባለት ግን በዚያ እንጨት ላይ አዲስ ቆርቆሮ መምታት በሙት ሰው ላይ አዲስ ልብስ እንደ መደረብ ነው። ደግሞም በቀትር ጊዜ በሮቹን ዘግቶ በውስጥ ሆኖ ወደ ላይ መመልከት ነው፤ ብርሃኑ እንደ ከዋክብት ከታየ የቀዳዳው ቍጥር ያለ መሰላል ይታወቃል። በእኛ ቅኔ ማኅሌት ስንት ኮከብ እንዳለ ዲያቆናቱ ያውቃሉ።

ለጊዜው ሌላ ነገር እንሸፍነው የሚልም ምክር ተሰምቷል። በዚህ ነገር ከላስታ ብንማር መልካም ነው። የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ከአለት የተፈለፈሉ ሲሆኑ፥ ክዳናቸው ራሱ አለት ሳለ ዝናም ጐዳቸው። በ2000 ዓ.ም. በአምስቱ ላይ አራት ትልልቅ የብረት መጠለያዎች ቆሙ። መጠለያዎቹ የተሠሩት ለጊዜው ተብሎ ነበር፤ የተባለው ጊዜ ካለፈም በኋላ ቆመው ቀሩ፤ ካህናቱና ሕዝቡም ክብደታቸውንና ነፋስ የሚያመጣባቸውን አደጋ እየፈሩ አቤቱታ አሰሙ። መጠለያው ዝናሙን አልከለከለም ማለቴ አይደለም፤ ለጊዜው ተብሎ የተሠራ ነገር ማን መቼ እንደሚያነሣው ካልተወሰነ ሁለተኛ ሸክም ይሆናል ማለቴ ነው። ስለዚህ ሸራ መዘርጋትን ብንስማማበት እንኳ የሚነሣበት ወር በቃለ ጉባኤ ይጻፍ።

ወደ ከዳኙ ልመለስ። ከዳኝ የሚመረጠው በአፉ አይደለም፤ ቀድሞ በከደነው ቤት ነው። አሥር ክረምት ያለፈበትን ሥራውን ያሳየን፤ እኛም በበጋ ሳይሆን ዝናም በሚዘንብበት ቀን ሄደን ባለ ቤቱን እንጠይቅ። በባቲ ይሁን በሰንበቴ ወይም በኮምቦልቻ፥ የከደነው ቤት ሩቅ ነው ብለን መቅረት የለብንም። መሬት ላይ ቆሞ ጣራውን በዓይኑ ለክቶ ዋጋ የሚጠራውን አሰናብቱት፤ ሳይወጣ የሚያውቅ ሰው ዋጋውን የሚለካው በኪሳችን ነው። የወጣውንም ሁለት ነገር ጠይቁት። ምስማሩን በሞገዱ ጀርባ ላይ ትመታለህ ወይስ በሸለቆው? በሸለቆው የሚል ከሆነ ውሃ በሚወርድበት መንገድ ቀዳዳ ሊከፍት ነው። ደግሞ ቆርቆሮውን ከየትኛው ወገን ትጀምራለህ? ይህን ሲጠየቅ «ዝናማችሁና ነፋሳችሁ ከወዴት ይመጣል?» ብሎ መልሶ የሚጠይቅ ሰው ሙያውን ያውቃል፤ መደረቢያው ለነፋስ አፉን እንዳይከፍት የሚያስብ እርሱ ነውና። ከጎን ቢያንስ አንድ ሞገድ ተኩል፥ ከላይ ወደ ታች ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር መደረቡንም በውሉ ማጻፍ ነው። ጌጅ በሚሉት ቍጥርም ብዙ ሰው ይሳሳታል። ቍጥሩ ሲበዛ ቆርቆሮው ይሳሳል እንጂ አይወፍርም፤ ባለ 35 ከባለ 32፥ ባለ 32ም ከባለ 28 የሳሳ ነው። ስለዚህ ቆርቆሮውን ራሱ ሰበካው ይግዛው፤ ከዳኙ የሚከፈለው የእጁን ዋጋ ብቻ ይሁን።

በዚህ አገር ከእጀ ብርቱዎቹ አናጢዎችና ከዳኞች ብዙዎቹ የእስልምና ተከታዮች እንደ ሆኑ እናውቃለን። ይገባልን ወይስ አይገባም የሚል ክርክር በመካከላችን እንዳለም ሰምቻለሁ። ሰሎሞን ቤተ መቅደስን ሲሠራ ዝግባውን ያስቈረጠው በጢሮስ ንጉሥ በኪራም ሰዎች ነው፤ የናሱንም ሥራ ለመሥራት የመጣው አባቱ የጢሮስ ሰው የሆነ ብልህ ነበር። እግዚአብሔርም ያን ቤት በክብሩ ሞላው እንጂ ማን መታው ብሎ አልናቀውም። በወሎም ክርስቲያኑ ለመስጊድ፥ የእስልምና ተከታዩም ለቤተ ክርስቲያን እንጨት መሸከሙ የቆየ ልማድ ነው። የእኔ አሳብ እንዲህ ነው። ከቅድስቱ ወዲያ ማንም ባለ ሙያ ይሥራ፤ የመቅደሱ ጣራ በሚከፈትበት ጊዜ ግን ታቦቱ አስቀድሞ በጸሎት ወደ መቃኞ ይግባ፤ ይህ ሥርዓት ለክርስቲያኑም ከዳኝ ያው ነው። በውስጥ የሚሠራውን እንጨት በክህነት ያሉት ሰዎች ከባለ ሙያው እየተማሩ ይሥሩት።

ስለ ሠራተኛው ነፍስም እናስብ። ኦሪት በዘዳግም ቤት የሚሠራ ሰው በጣራው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ታዝዛለች፤ የወደቀው ሰው ደም በባለ ቤቱ ላይ እንዳይሆን ነው። ባለ ቤቱ ደግሞ እኛ ነን። ገመድና ጠንካራ መወጣጫ ሳይዘጋጅ ማንም አይውጣ። በእኛ ቆላ ቆርቆሮ ከረፋዱ 5 ሰዓት በኋላ እጅ ያቃጥላል፤ ስለዚህ ሥራው ከንጋት እስከዚያ ሰዓት ይሁን። በዐቢይ ጾምም ሆነ በረመዳን የጾመን ሰው በቀትር ጣራ ላይ ማቆም አይገባም። የተነቀለውም አሮጌ ምስማር ተለቅሞ በቍጥር ይቀመጥ፤ ጫማችንን አውልቀን የምንቆመው በዚህ ግቢ ነውና።

አሁን ስለ ገንዘቡ። በነገሥት መጽሐፍ እንደምናነበው፥ ንጉሥ ኢዮአስ የቤተ መቅደሱ ፍራሽ እንዲጠገን ለካህናቱ አዝዞ ሳለ እስከ ነገሠ በ23ኛው ዓመት ድረስ አልተጠገነም። ካህናቱ ሰረቁ አልተባለም፤ ነገር ግን ገንዘቡ በእያንዳንዱ እጅ ስለ ነበረ ሥራው የማንም ሳይሆን ቀረ። ከዚህ በኋላ ካህኑ ዮዳሄ ሣጥን አስመጥቶ በክዳኑ ቀዳዳ አበጀለት። ሣጥኑ በሞላ ጊዜ የንጉሡ ጸሐፊና ሊቀ ካህናቱ በአንድነት ቈጠሩት፤ ለአናጢዎችና ለግንበኞችም ተከፈለ። የአንዱ ዓይን እንዳይበቃ፥ ሁለት ሰው እንዲቈጥር መደረጉን አስተውሉ።

በዚህ ታሪክ መምህራን የሚመረምሩት አንድ ነገር አለ። በነገሥት ከዚያ ገንዘብ የብር ጽዋና መለከት አልተሠራበትም ይላል፤ በዜና መዋዕል ደግሞ ተሠራበት ይላል። ይጣላሉን? አይጣሉም። ቤቱ እስኪጠገን ድረስ አልተሠራም፤ ከተጠገነ በኋላ በተረፈው ተሠራ። እንግዲህ ለዚህ በዓል ከተዋጣው ገንዘብ ለአዲስ ድምፅ ማጉያና ለደጀ ሰላሙ ቀለም ይሁን የምትሉ ወንድሞች፥ አሳባችሁ ክፉ አይደለም፤ ተራው ግን ከክዳኑ በኋላ ነው። ለከዳኙም ክፍያው በሦስት ይከፈል፤ ሦስተኛው እጅ አንድ ክረምት አልፎ ሥራው ከታየ በኋላ ይሰጠው። ይህን እንቢ የሚል ከዳኝ ምናልባት በፊደል ጠብቆ የሚነበበው ይሆናል።

ጊዜውን በተመለከተ ከአንዳንድ አባቶች ጋር አልስማማም። እነርሱ ጣራው አሁኑኑ ይነሣ ይላሉ። የበልግ ዝናም በየካቲት ሊጀምር ይችላል፤ ገንዘቡ አልተሟላም፤ እንጨቱም ገና አልተቈረጠም፥ ተቈርጦም መድረቅ አለበት። እርጥብ እንጨት በቆርቆሮ ሥር ይጣመማል፥ ምስማሩንም ይተፋል። የተከፈተ መቅደስ ላይ አንድ የበልግ ሌሊት ቢመጣ አሮጌው ጣራ በአሥር ክረምት ካደረሰው ጉዳት የበለጠ ያደርሳል። ስለዚህ አሁን ምስማሩ ይለወጥ፤ መጻሕፍቱ ከሰሜኑ ግድግዳ ወደ ዕቃ ቤት ዛሬውኑ ይዛወሩ፤ ሥዕሉም በጥንቃቄ ይሸፈን፤ እንጨቱ በዚህ በጋ ተቈርጦ በጥላ ይድረቅ። ጣራው የሚነሣው መስከረም አልፎ ጥቅምት ሲገባ ነው፤ ከዚያ እስከ ታኅሣሥ ሰማዩ የእኛ ነው።

ለዚህም የመጀመሪያው ሥራ ምርመራው ስለ ሆነ፥ በሚመጣው ቅዳሜ ጧት ቄሰ ገበዙ መሰላሉን በሰሜኑ በር ያቆማሉ። ከሰበካው ጉባኤ ሁለት ሰው፥ ከአናጢዎችም ሁለት ሰው ይወጣሉ፤ ወስፌ ያለው ይዞ ይምጣ፤ ያገኙትም ሁሉ በዚያው ቀን ይጻፍ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።