ደጃችንን የሚያለብስ እንጆሪ



«እንጆሪ» ሲባል ደጋ ያደገ ሰው በአጥር ዳር የሚለቅመው እሾኻሙ ቁጥቋጦ፣ ከተሜው ደግሞ በላስቲክ ታሽጎ የሚሸጠው ቀይ ፍሬ ይታወሰዋል። እኔ ዛሬ የማነሣው ሌላውን ነው፤ እዚሁ በምንኖርበት ቨርጂኒያ ማንም ሳይዘራው የሚበቅለውን፣ በሳይንሳዊ ስሙም «ፍራጋሪያ ቨርጂኒያና» የሚባለውን የዱር እንጆሪ።

ቁመቱ ስንዝር ቢሆን ነው። ሚያዝያ ላይ ነጭ ያብባል፤ ግንቦት ሲገባደድ የትንሽ ጣት ጥፍር የምታህል ፍሬ ይሰጣል። ፍሬዋ ብታንስም መዓዛዋ የገበያውን ትልቅ እንጆሪ ያስንቃል። ለነገሩ ትልቁም የእሱው ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1714 ፍሬዚዬ የተባለ ፈረንሳዊ የጦር መሐንዲስ ፍሬው ትልልቅ የሆነ እንጆሪ ከቺሊ ይዞ አገሩ ገባ። ተክሎቹ አበቡ፤ ግን አላፈሩም፤ ሴቶች ነበሩና። ከቨርጂኒያው አጠገብ ሲተከሉ የአበባው ብናኝ ደረሳቸውና አፈሩ። ዛሬ ገበያውን የሞላው እንጆሪ የዚያ ጋብቻ ዘር ነው፤ ምስጢሩንም ዱሼን የተባለ ወጣት ዕፅዋት አጥኚ በ1766 ገልጦ ጻፈው።

ይህን ሁሉ የማወራው የደጃችን ሣር ስለሚያሳዝነኝ ነው። በየሳምንቱ እናጭደዋለን፤ ለንብም ለልጅም የሚሆን ነገር አይሰጠንም። እንጆሪው ግን ቀጭን ሐረግ እየላከ፣ ሐረጉ አፈር በነካበት ሥር እየሰደደ ባዶውን መሬት ያለብሰዋል። ቁልቁለት ላይም አፈሩን ይዞ ያስቀራል።

ሣሩን ከነሥሩ ገልጣችሁ ችግኙን በ30 ሳንቲ ሜትር ርቀት ትከሉ፤ ሥር እስኪይዝ አጠጡት። ፀሐይ ባገኘ መጠን ያፈራል። እግር የሚበዛበትን ቦታ አይችለውም፤ መተላለፊያውን በድንጋይ ለዩለት። ፀረ አረም መድኃኒት ከተረጨበት መሬት ፍሬ አትልቀሙ። ቢጫ አበባ ያለው መሳዩም አያታልላችሁ፤ ከእስያ የመጣ ነው፤ ባይጎዳም ጣዕም የለውም። እኔ የመጀመሪያውን ዓመቴን በእሱ አጥቻለሁ።

የቺሊው እንጆሪ የደረሰበት በእናንተም ደጅ እንዳይደርስ፣ ከአንድ እናት ብቻ የተወሰደ ችግኝ አትትከሉ፤ በሐረግ የወጣ ችግኝ ጾታው የእናቱ ነውና። በመውጫው በር በኩል ሁለት ሣጥን ችግኝ አስቀምጫለሁ፤ የተለያየ እናት ያላቸው ናቸው። ከሁለቱም ሣጥን እየወሰዳችሁ ሂዱ።