የፈሰሰ ዘይት ይታፈሳል

(በሰፈራችን ነዋሪዎች ማኅበር ወርኃዊ ስብሰባ ላይ ነቀምቴ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው ስለ ራሴ ጥፋት ነው። ሊቀመንበራችን «የሆነውን እንደሆነው ተናገር፤ ለሌላው ትምህርት ይሆናል» ስላሉኝ ሳልደብቅ እናገራለሁ።

ብዙዎቻችሁ እንደምታስታውሱት፣ ባለፈው ዓመት ግንቦት፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የፒክአፕ መኪናዬን የሞተር ዘይት በግቢዬ ውስጥ ራሴ ለወጥኩ። የእጅ ዋጋ ለመቆጠብ ብዬ ነው። አሮጌውን ዘይት በሳፋ ተቀበልኩ፤ የማፍሰሻውን ቡሎን መልሼ አጠበቅሁ፤ አሮጌውን ፊልትሮ ፈትቼ አዲሱን አሰርኩ፤ 6 ሊትር ያህል አዲስ ዘይት ሞላሁ። ሥራው ያለቀ መሰለኝ።

ያላየሁት ነገር ቢኖር የአሮጌው ፊልትሮ ክብ ጎማ አብሮ ሳይወጣ ሞተሩ ላይ ተጣብቆ መቅረቱን ነው። አዲሱ ፊልትሮ ደግሞ የራሱ ጎማ አለው። ጎማ በጎማ ላይ ሲደረብ፣ ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ምንም አይታወቅም። ሞተሩ ሲነሣ ግን የዘይቱ ፓምፕ በኃይል ስለሚገፋ አንደኛው ጎማ ከቦታው ይሾልክና ዘይቱ ይንፎለፎላል። ሞተሩን አስነሥቼ እጄን ልታጠብ ዞር ስል ትንሹ ልጄ «አባዬ፣ መኪናው ጥቁር ነገር እያፈሰሰ ነው!» ብሎ ጮኸ። ሮጬ እስካጠፋው ድረስ ከግማሽ የሚበልጠው ዘይት ሊሾው ላይ ተዘርግቶ ቁልቁለቱን ይዞ ወደ ቦዩ ይወርድ ጀመር።

ወገኖቼ፣ ከዚህ የባሰው ጥፋቴ ሁለተኛው ነው። ደንግጬ የውኃ ጎማ አነሣሁና ላጥበው ጀመርኩ! ያን ጊዜ ከእኔ ግቢ በታች ያሉት እናታችን ከአጥር ማዶ ሆነው «ያ ኢልመ ኮ፣ ውኃውን ዝጋ! የምትሰደው ወደ እኔ ጉድጓድ ነው!» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። የጎርፍ መውረጃው ቦይ ከጉድጓዳቸው አጠገብ ነው የሚያልፈው።

«የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም» እንላለን። የፈሰሰ ዘይት ግን ውኃ ሳይነካው ከደረስንበት ይታፈሳል። የማይታፈሰው ውኃ ከነካው በኋላ ነው። ዘይት ከውኃ ስለሚቀል ላዩ ላይ ተንሳፎ ውኃው የሄደበት ሁሉ ይሄዳል። ኦሞ ብንጨምርበትም ዘይቱ በደቃቁ ተበትኖ ከዓይናችን ይሰወራል እንጂ አይጠፋም። እኛ ጸዳ እንላለን፤ እሱ ግን ቦይ ውስጥ ገብቷል።

ይህ ነገር በእኛ ከተማ ይበልጥ ያሳስባል። እንደሚታወቀው ሁሉ ነቀምቴ ተዳፋት ላይ ያለች ከተማ ናት፤ በዓመት 2,000 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ይጥልባታል። የላይኛው ሰው የደፋውን ዝናቡ ለታችኛው ያደርሳል። የቧንቧ ውኃ ሲጠፋ ደግሞ ብዙዎቻችን የምንቀዳው ከጉድጓድ ነው። ከዚህም አልፎ የአንገር ወንዝ ከዲዴሳ፣ ዲዴሳም ከአባይ ይገናኛል። ከቦያችን የወጣው መንገዱ ረጅም ነው። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት፣ ከአንድ መኪና በአንድ ጊዜ የሚወጣ የተቃጠለ ዘይት አንድ ሚሊዮን ጋሎን፣ ማለትም 3.8 ሚሊዮን ሊትር ገደማ ንጹሕ ውኃ ሊበክል እንደሚችል ለሕዝቡ ያስተምራል።

እንግዲህ ያን ዕለት እናታችን ካስቆሙኝ በኋላ የሰፈራችን ወጣቶች አካፋ ይዘው ደረሱልኝ። ሰማዩ ጠቁሮ ስለነበረ ጊዜ አልነበረንም። የሠራነውን በቅደም ተከተል ልንገራችሁ።

አንደኛ፣ ዘይቱን ከመጥረግ በፊት መንገዱን ዘጋን። ከቦዩ አፍ ላይ አፈር ቆልለን ግድብ ሠራን። ዘይት ሲፈስ ቀዳሚው ሥራ ይህ ነው።

ሁለተኛ፣ ከሞተሩ የሚንጠባጠበውን ለመቀበል ከሥሩ ሳፋ አስገባን። የተጠራቀመውን ዘይት በሳህን እየጨለፍን በጀሪካን ሞላን። የሞተር ዘይት ትኩስ ሲሆን ስለሚያቃጥል እጅ መጠንቀቅ አለበት።

ሦስተኛ፣ ከአናጢ ቤት ሁለት ማዳበሪያ ሰጋቱራ አስመጥተን በላዩ በተንበት። ሰጋቱራ ከሌለ ደረቅ አመድ ወይም ደረቅ አፈር ይሆናል። በመጥረጊያ እያሸን፣ ሲጠግብ እየዛቅን፣ አዲስ እየጨመርን ሦስት ጊዜ ደጋገምነው። ጊዜ ያለው ሰው ጥቂት ሰዓት ቢያቆየው የበለጠ ይመጥለታል። በመጨረሻ የቀረውን እድፍ በትንሽ ውኃና በኦሞ ፈትገን፣ አረፋውን ሳናፈስ እንደገና በሰጋቱራ አስመጥጠን አነሣነው።

አራተኛ፣ ዘይት የጠጣውን አፈር የአፈሩ መልክ ቀይ ሆኖ እስኪታይ ድረስ ቆፍረን አወጣን። አፈሩንና ሰጋቱራውን በማዳበሪያ ቋጥረን ዝናብ ከማያገኘው ጣራ ሥር አስቀመጥን። አንድ ወዳጄ «ለምድጃ ይሆናል» ብሎኝ ነበር። አይሆንም! ዘይት የነካ ሰጋቱራ ጭሱ ለእናቶችና ለሕፃናት ጎጂ ነው።

ዝናቡ መጣ። አብዛኛውን አድነናል፤ ሁሉንም ግን አላዳንም። በማግሥቱ ጧት ከጉድጓዱ ሁለት ክንድ ያህል ርቆ ቦዩ ውስጥ ባቆረው ውኃ ላይ የቀስተ ደመና መልክ ያለው ስስ ነገር ተንሳፎ አየሁ። ያቺ በውኃ ያጠብኳት የመጀመሪያዋ ጥቂት ዘይት ናት። ጉድጓዱ ውስጥ ባይታይም እንኳ እናታችን «እጠጣዋለሁ» ብለው ደፍረው ሊቀዱ አልቻሉም። በዚህም ምክንያት እስከ ክረምቱ መጨረሻ ድረስ የሚጠጡትን በጀሪካን አመላለስኩላቸው። አንድም ቀን ክፉ ቃል አልተናገሩኝም። ይህ ከወቀሳ ይበልጥ ከበደኝ።

በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995፣ የበከለ ሰው እንዲያጸዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ እንዲከፍል ያዛል። እኔ ግን የምላችሁ ከአዋጁ በፊት ጎረቤት አለ ነው።

ስለ ተቃጠለ ዘይትም ጥቂት ልጨምር። የእኔ የፈሰሰው አዲስ ዘይት ነበር። የተቃጠለው ደግሞ ከሞተሩ የሚፋቅ የብረት ብናኝና ጥላሸት ስላለበት ይብሳል። ለረጅም ጊዜ ቆዳ ሲነካም ለካንሰር ያጋልጣል። በወለጋ ምስጥ ምን እንደሚያደርግ ማንም አይነግረንም፤ ስለዚህ የአጥር ቋሚ በተቃጠለ ዘይት መቀባት የቆየ ልማዳችን ነው። ነገር ግን ዝናቡ እያጠበ ወደ አፈሩ ያወርደዋል። ከጉድጓድና ከጓሮ አትክልት አጠገብስ ፈጽሞ መቅረት አለበት። አቧራ ለማስተኛት ደጅ ላይ መርጨት፣ መጸዳጃ ጉድጓድ ውስጥ መድፋት፣ የከብት ቁስል ላይ መቀባትም ይቅር። ከውኃና ከቤንዚን ሳይቀላቀል ክዳን ባለው ጀሪካን ይቀመጥና በበርሜል ለሚያጠራቅም ጋራዥ ይሰጥ።

ባለ መኪኖችና ባለ ባጃጆች ሆይ፣ ፊልትሮ ስትፈቱ የአሮጌው ጎማ አብሮ መውጣቱን በዓይናችሁ እዩ፣ በእጃችሁም ዳስሱ። ሞተሩን ስታስነሡ አንድ ሰው ከሥር ይመልከት፤ የዘይቱ ቀይ መብራት አልጠፋ ካለ ወዲያው አጥፉ። ሥራውንም ዝናብ ባንዣበበበት ሰዓት አትጀምሩ።

በመጨረሻም ለማኅበራችን የማቀርበው ሐሳብ አለኝ። መኪና ወይም ባጃጅ ያለበት ግቢ ሁሉ አንድ ማዳበሪያ ደረቅ ሰጋቱራ፣ አንድ አካፋና አንድ ባዶ ጀሪካን በቅርብ ያስቀምጥ። ወጪው ትንሽ ነው። የመጀመሪያውን ሦስት ማዳበሪያ ሰጋቱራ እኔ ዛሬውኑ ለማኅበሩ አስረክቤአለሁ፤ ዘይት የፈሰሰበት ሁሉ ሌሊትም ቢሆን መጥቶ ይውሰድ። አፍሮ ከመደበቅና በውኃ ከማጠብ፣ ጮኾ ጎረቤት መጥራት ይሻላል።

እናታችንን በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ይቅርታ እጠይቃለሁ።